ከዱቤ ደብተር ለመውጣት፦ በወር ደመወዝ ዕዳን የመክፈያ መንገድ

በሰፈራችን ሱቅ የዱቤ ደብተር ውስጥ ስሜ የለም። «አስጠኚው» ተብዬ ነው የተመዘገብኩት። ባለሱቁ ጋሼ የሰው ስም ከመያዝ ሥራውን ወይም በሩን መያዝ ይቀላቸዋል። ከእኔ በፊት ያለው ገጽ «ባለ ቢጫ በር» ይላል። ከእኔ ቀጥሎ «ሹፌሩ» አለ። እስክሪብቶው ከደብተሩ ጋር በክር ታስሯል። አንድ ማታ ዘይት ልወስድ ገብቼ ጋሼ ደብተሩን ሲገልጡ ገጼን አየሁት። ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል። 4,000 ብር።

ዘይቱን ይዤ ቤት ገባሁና የቀረውንም ዕዳዬን ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ድምሩ 83,000 ብር መጣ። እስከዚያች ማታ ድረስ 40,000 ገደማ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር የኖርኩት።

ከዚያ ዕዳ ለመውጣት 16 ወር ፈጀብኝ። እዚህ የምጽፈው የሠራልኝን መንገድ በቅደም ተከተል ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ስለ ዕዳ የሚሰጥ ምክር አብዛኛው ስለ ወለድ ነው፤ ወለዱ የሚበዛውን አስቀድማችሁ ክፈሉ ይላል። የእኛ ሰው ዕዳ ግን አብዛኛው ወለድ የለውም። ከአክስት፣ ከባልደረባ፣ ከሱቅ፣ ከእቁብ ነው የምንበደረው። ወለዱን የምንከፍለው በዝምድና ነው። በዚያ ሰው ሱቅ በኩል ማለፍ እንተዋለን፤ ስልኩን አናነሳም፤ ሠርግ ላይ እንዳንገናኝ እንቀራለን። ስለዚህ የአከፋፈሉም ቅደም ተከተል የተለየ መሆን አለበት።

1. ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ

አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዕዳ አራት ነገር ጻፉ፦ ለማን፣ ስንት ቀረ፣ በወር ስንት፣ ቢዘገይ ምን ይመጣል። የእኔ ገጽ ይህን ይመስል ነበር።

ሱቅ፣ 4,000። ከስልክ የተወሰደ ብድር፣ 2,000። የሥራ ባልደረባ፣ 6,000። አክስቴ፣ 25,000። የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማህበር፣ 28,000፣ ከደመወዝ በወር 1,750 የሚቆረጥ። እቁብ፣ 18,000።

እቁቡን ሳየው «ይሄ ደግሞ ዕዳ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። አዎ፣ ነው። ዕጣው ቀድሞ ወጥቶላችሁ ገንዘቡን ከተጠቀማችሁበት፣ የቀሩት ወራት መዋጮ በሙሉ ብድር ነው። እኔ በወር 2,000 እየጣልኩ 9 ወር ይቀረኝ ነበር። ዕጣ ያልደረሳችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እቁቡ የእናንተ ቁጠባ ነው። ችግራችሁ ከጠና የእቁቡን ዳኛ ቀርባችሁ ዕጣው እንዲቀድምላችሁ ጠይቁ። ብዙ እቁብ ለታመመና ለተቸገረ ቅድሚያ ይሰጣል። ተራ መቀያየርም አለ።

ሌላው የሚረሳው ዋስትና ነው። ለጓደኛችሁ ብድር የደመወዝ ዋስ ሆናችሁ ፈርማችሁ ከሆነ፣ ከገጹ ግርጌ ለብቻው ጻፉት። ድምሩ ውስጥ አይግባ፤ ነገር ግን በየሦስት ወሩ ጓደኛችሁን «እየከፈልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ሳትጠይቁ ቀርታችሁ ደብዳቤው መሥሪያ ቤታችሁ ሲደርስ ከማወቅ ይሻላል።

2. እጃችሁ ላይ የሚደርሰውን እወቁ

ደመወዝ ስንባል ብዙዎቻችን ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የምንጠራው። በጀት የሚሠራው ግን በተጣራው ነው። ስሌቱን በአሁኑ ግብር ላሳያችሁ። ደመወዙ 18,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለ18,000 ብር ግብሩ 4,250 ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,260። እጅ ላይ የሚደርሰው 12,490 ነው።

ከዚህ ላይ ማህበሩ 1,750 ይቆርጣል። እቁብ 2,000። የቤት ኪራይ 4,500። ቀረ 4,240። ይህ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ፣ ለእድር፣ ለሁሉም ነው። ይህን ሳየው ለምን ወሩ 20 ሳይሞላ ሱቅ ደጃፍ እንደምቆም ገባኝ። ያባከንኩት ገንዘብ አልነበረም፤ ሒሳቡ ራሱ አይበቃም ነበር። ይህን ማወቁ ብቻ ቀለል አድርጎኛል።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ከዚያ በላይ እየተቆረጠባችሁ ከሆነ ሒሳብ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ።

3. ለ30 ቀን ወጪያችሁን መዝግቡ

ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ስልካችሁ ላይ በየማታው መጻፍ ነው። ለመቀነስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ እዩት ብቻ። እኔን ያስደነገጠኝ የታክሲው ነበር። ጠዋት አርፍጄ ስነሳ ራይድ እጠራለሁ። በወሩ ስደምረው ከእድርም ከስልክም በላይ ሆኖ አገኘሁት። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መነሳት ጀመርኩ፤ ያ ወጪ ጠፋ።

4. የሚጨምረውን ዕዳ አቁሙ

ወደ ጋሼ ሱቅ ተመልሼ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዱቤ አይስጡኝ። ብለምንዎትም አይስጡኝ። የድሮውን በሁለት ወር እዘጋለሁ።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አዩኝ። «ተጣላን እንዴ?» አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው ገጼ አናት ላይ በትልቁ «ዝግ» ብለው ጻፉበት። ያቺ ቃል ከራሴ ቃል በላይ ጠበቀችኝ።

ዱቤ ወለድ የለውም፤ ግን እግር ያስራል። ዕዳ ያለበት ሰው ዋጋ አያማርጥም። ሸማቾች ማህበር ዘይት ረክሶ ቢገኝም፣ የእሁድ ገበያ ላይ ሽንኩርት ቢወርድም፣ ጥሬ ገንዘብ የለውምና ያው ሱቅ ይሄዳል። ለዚህ ነው የሱቅ ዕዳ ትንሽ ቢሆንም ቀድሞ መዘጋት አለበት የምለው።

የስልክ ብድርም እንደዚያው ነው። ቴሌብር መላና እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያመጣ ለብዙ ሰው መተንፈሻ ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጥተዋል። ዳሩ ግን በሁለት ደቂቃ የሚገኝ ብድር በሁለት ደቂቃ ይበላል። የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣት ይከተላል። አንዱን ለመክፈል ሌላውን መውሰድ ከጀመራችሁ እዚያው ላይ ቁሙ።

5. አበዳሪዎቻችሁን ራሳችሁ ደውሉላቸው

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ከሁሉም የጠቀመኝም ይህ ነው።

ደሴ ያለችው አክስቴ 25,000 ካበደረችኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ስልኳን ማንሳት ካቆምኩ ስድስት ወር አልፎኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩ። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር፤ እያነበብኩ ነው ያወራሁት።

«እትዬ፣ ያንቺን ገንዘብ አልረሳሁትም። በአንዴ መክፈል ግን አልችልም። ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝ በወጣ በማግስቱ 500 ብር እልካለሁ። ሌሎቹን ስጨርስ እጨምራለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ለገንዘቡ መስሎህ ነው የማታነሳው?» አለችኝ። «አጎትህ ተኝቶ በነበረ ጊዜ ነው ሦስቴ የደወልኩት። አሁን ተሽሎታል።»

ምን እንደምመልስ አጣሁ። አጎቴ መታመሙን አልሰማሁም ነበር።

ስትደውሉ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ዕዳውን በቁጥር ጥሩት፤ «ያ ነገር» እያላችሁ አታድበስብሱት። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የምትችሉትን መጠን ብቻ ተናገሩ። 2,000 ብላችሁ ሁለት ወር ከምትከፍሉና ከምትጠፉ፣ 500 ብላችሁ አንድም ወር ባትስቱ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ቀኑን ቁረጡ። «ሲመቸኝ» ቀን አይደለም። የኑሮ ውድነቱንም አስቡት፤ ያበደራችሁ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ገንዘብ የሚገዛውን ዛሬ አይገዛበትም። ያለ ወለድ ያበደራችሁ ሰው በየወሩ እየከሰረላችሁ ነው። ይህን ሳስብ 500 ብሩን መላክ ቀለለኝ።

6. ገቢ ላይ ትንሽ ጨምሩ

ከላይ ያለው ሒሳብ በመቀነስ ብቻ አይሞላም። እኔ አንድ ልጅ በ2,000 ብር አስጠና ነበር፤ ሁለተኛ ጨመርኩ። 4,000 ሆነ። የእናንተ ምናልባት ቅዳሜ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ፣ ፀጉር መሥራት፣ ሰነድ መተርጎም፣ የማትጠቀሙበትን ፍሪጅ ወይም ሁለተኛ ስልክ መሸጥ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ይህ ገንዘብ ከደመወዙ ጋር እንዲቀላቀል አትፍቀዱ። ሌላ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

4,240 እና 4,000፣ 8,240። ለኑሮ 5,240 መደብኩ። 3,000 ተረፈ። ከዚያ 500ውን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩ። 2,500 ለዕዳ።

7. ተራውን ወስኑ

መጀመሪያ እየጨመረ የሚሄደውን። የእኔ የስልኩ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር 2,000 ከፍዬ ዘጋሁት። ቀጥሎ እግር የሚያስረውን፣ ሱቁን፣ በሁለት ወር። ከዚያ በየቀኑ ፊቱን የማየውን ባልደረባዬን፣ በሦስት ወር። በነዚህ ስድስት ወራት ሁሉ አክስቴ 500ዋን ታገኛለች። ከሰባተኛው ወር 2,500ው በሙሉ ለእሷ። እቁቡ ዘጠነኛው ወር ላይ ሲያልቅ የእሱ 2,000 ተጨምሮ 4,500። ማህበሩ በራሱ ጊዜ እየተቆረጠ ነው፤ አልነካውም።

የአንዱ ዕዳ ሲያልቅ የእሱ ድርሻ ወደሚቀጥለው ይሄዳል እንጂ ወደ ኪስ አይመለስም። በወረቀት ላይ የአክስቴ ዕዳ 13ኛው ወር ላይ ያልቅ ነበር። በተግባር 14ኛው ሆነ። ሁለት ወር ምንም ሳልከፍል አልፏል፤ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ታሞ፣ አንዱ መስከረም ሆኖ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኑ ሳይደርስ ደውዬ «በዚህ ወር አልችልም» አልኳት። ማንም አልተቆጣም።

አራጣ ካለባችሁ

ይህ ከላይ ካለው ተራ ውጪ ነው፤ ከሁሉም ይቀድማል። ከ100 ብር ላይ በወር 10 ብር የሚያስከፍል ሰው ጋር 50,000 ወሰዳችሁ እንበል። በወር 5,000 ወለድ ነው። በዓመት 60,000 ትከፍላላችሁ፤ ዋናው 50,000 ግን እዚያው አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 በብድር ውል ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ችግሩ፣ ወረቀቱ ላይ አራጣ ተብሎ አይጻፍም። 50,000 ተቀብላችሁ 80,000 ተበድሬያለሁ ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋሉ። ወይም ባዶ ቼክ አስፈርመው ይይዛሉ። ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው፣ ቼክ መስጠት ወንጀል መሆኑን እነሱ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ።

ስለዚህ ባዶ ቼክ ለማንም አትፈርሙ። የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ለግለሰብ አታስይዙ። አስቀድማችሁ ከፈረማችሁ፣ ቤተሰብ ሰብስባችሁ ንገሩ፤ ዕቃ ሸጣችሁም፣ ከዘመድ ያለ ወለድ ተበድራችሁም ዋናውን ክፈሉ። አዲስ ብድር ውሰዱ የምለው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጠበቃም አማክሩ። የከፈላችሁትን ሁሉ በባንክ ላኩ፤ ማስረጃ ይሆናችኋል።

8. መስከረምን ከግንቦት ጀምራችሁ ጠብቁት

የብዙ ሰው ዕቅድ የሚፈርሰው መስከረም ላይ ነው። የነሐሴ ደመወዝ ለበዓሉ ቀደም ብሎ ይወጣል። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት፣ ትበላለች እንጂ ደመወዝ የላትም። ዶሮው፣ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር በአንድ ሳምንት ይመጣል። ከዚያ እስከ መስከረም 30 ድረስ ሌላ ገቢ የለም። በዚህ ወር ተበድሮ የማያውቅ ሰው ካለ ብልህ ነው።

እኔ አሁን ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ ለመስከረም ብቻ አስቀምጣለሁ። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኢድም እንደየቤታችሁ እንዲሁ ነው። በግ ብቻችሁን ከመግዛት ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት ወጪውን ይቀንሰዋል፤ ሥጋውም ትኩስ ነው፤ ጨዋታውም አለ። ጤፍ የምትችሉ ከሆነ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከዘመድ ጋር ኩንታል ተካፍላችሁ ግዙ።

ስለ መዋጮ ደግሞ፦ የሠርግ፣ የልደት፣ የመልስ ጥሪ ሲመጣ «ዘንድሮ በገንዘብ አልችልም፤ ጉልበቴ አለ» ማለትን ልመዱ። ወንበር ተሸክሜ፣ እንግዳ አስተናግጄ ያሳለፍኩት የጎረቤት ሠርግ አለ። የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ያነሱልኛል። እድርን ግን አትቀንሱ። በየወሩ የምትከፍሏት ትንሽ ገንዘብ በክፉ ቀን ትልቅ ብድር ታድናችኋለች።

9. ሲዘጋ በወረቀት ይዘጋ

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ስለዚህ የተፈራረማችሁበት ወረቀት ካለ የመጨረሻውን ክፍያ ስትከፍሉ ተቀበሉት፤ ጀርባው ላይ «ተከፍሎ አልቋል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይደረግበት። ለዘመድም ቢሆን በስልክ መልእክት «የመጨረሻው ነው» ብላችሁ ላኩ። ጥርጣሬ ስላላችሁ አይደለም። ሰው ይረሳል፤ ልጆችም ይወርሳሉ።

ጋሼ ገጼን የዘጉት በማስመሪያ ነው። ከላይ እስከ ታች በሰያፍ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩ፤ ከዚያ ገጹን ገልብጠው ጀርባውንም አሰመሩት።

የማህበሩ ብድር 16ኛው ወር ላይ ሲያልቅ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቅነሳውን ልታቆምልኝ ቅጹን ስታወጣ «አታቁሚው፣ ወደ ቁጠባ አዙሪልኝ» አልኳት። ያለዚያ 1,750 ብር መኖር ለምጄ ነበር። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።